የመሪጌታ ልጅ ቀይ መኪና

ጌጡ ኃይለ ኢየሱስ ቀዩዋን መኪና መንዝ ውስጥ ወዳለችው ዘመሮ ከተማ ያስገባት በ1957 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ከእናት ከአባቱ ቤት ግን ገና አልወጣም። እኩዮቹ ጎጆ ወጥተው፣ ሁለትም ሦስትም ልጅ ክርስትና አስነስተዋል። እሱ ማታ ማታ እናቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ያቀረቡለትን በልቶ፣ በልጅነቱ ይተኛበት የነበረው መደብ ላይ ጋደም ይላል። እግሩ ከመደቡ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል።

ሰነፍ ስለ ሆነ አልነበረም። አቶ ገሠሠ የሚባሉ ነጋዴ ለከተማዋ የመጀመሪያውን የሞተር ወፍጮ ሲያስመጡ ጌጡ የአሥራ አምስት ዓመት ዲያቆን ነበር። አባቱ መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ የማርያም ደብር መሪጌታ ናቸው፤ ዜማውን ያስያዙትም እሳቸው ነበሩ። ድምፁ ያማረ ስለ ነበር፣ አንድ ቀን በወንበራቸው ይተካል ብሎ ያልጠበቀ የደብሩ ሰው አልነበረም። ወፍጮውን ሊተክል የመጣው መካኒክ ግን ዘመሮ ሦስት ቀን ሲቆይ፣ ጌጡ ሦስቱንም ቀን ከአጠገቡ አልጠፋም። መካኒኩ ሲሄድ ሞተሩን አስነስቶ ማጥፋት የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ሆነና እዚያው ቀረ።

መሪጌታ አልተቆጡም። ብቻ ለማኅሌት ሲነሱ ይቀሰቅሱት የነበረውን ተዉት። አንድ እሑድ ጌጡ ነቅቶ ሳለ አባቱ በጨለማው ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ እንቅልፉን እንዳይረብሹት ተጠንቅቀው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሲወጡ ሰማ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለው ነበር። ያ ጥንቃቄያቸው ለብዙ ጊዜ ሲቆረቁረው ኖረ።

መኪናዋን ያያት በ1954 ነው። የወፍጮው ቺንጊያ ተበጥሶ አዲስ ሊያመጣ ደብረ ብርሃን ሄደ፤ ያገኘውም ሲኞር አልዶ የሚባል፣ በጣልያን ጊዜ መጥቶ እዚያው አግብቶ የቀረ መካኒክ ጋራዥ ነበር። ሲኞሩ ቺንጊያውን ሲፈልግ ጌጡ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ያይ ጀመር። ጥግ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ቅጠል የወረሳት አንዲት መኪና ቆማለች። ከመሬት ብዙም ከፍ አትልም። አፍንጫዋ ረዘም፣ ጀርባዋ አጠር ያለ ነው። ጣሪያ በሌለው ወንበሯ ላይ ዶሮ ተኝታበታለች። ዶሮዋን አስነሥቶ በእጀጌው አቧራውን ቢጠርግ ከሥሩ ቀይ ቀለም ብቅ አለ።

ለእሽቅድምድም የተሠራች መሆኗን፣ ባለቤቷ ወደ አገሩ ሲመለስ ሞተሯን እንደ ተፈታ ትቷት መሄዱን ሲኞር አልዶ በተሰባበረ አማርኛው ነገረው። ሞተሯ በሁለት ሣጥን ተከትቶ ተቀምጧል። ጌጡ ሣጥኖቹን ከፍቶ እያንዳንዱን ብረት እያነሣ አየ። ከዚያም ወንበሩ ላይ ገብቶ መሪውን ያዘ። እስከዚያ ቀን የነዳው ነገር አልነበረም፤ እጁ ግን መሪውን ለቅቆ መነሣት አልሆነለትም። ሲነሣ ወደ መንዝ የሚሄደው የጭነት መኪና አምልጦታል፤ ቺንጊያውም ከሲኞሩ እጅ እንዳለ ነው።

ሦስት በጋ ፈጀበት። ወፍጮው ባረፈ ቁጥር፣ በዓል በመጣ ቁጥር ደብረ ብርሃን እየሄደ ለሲኞር አልዶ በነጻ ሠራ። በእጁ ያጠራቀመውን ሰጠው፤ የጎደለውን በጉልበቱ ሞላ። መንዳትንም እግረ መንገዱን ከዚያው ተማረ። እናቱ አሁንም አሁንም ምን ያመላልስሃል ሲሉት የሞተር ዕቃ ፍለጋ ነው ይላቸዋል፤ ይህም ውሸት አልነበረም። ለአባቱ ግን ምንም አልነገረም። እነግራቸዋለሁ እያለ አንዱን በጋ አሳለፈ፣ ሁለተኛውንም አሳለፈ። እያደር የመንገሩ ነገር መኪናዋን ከመጠገን ይልቅ ከበደው።

በጥምቀቱ ሰሞን ሞተሯ ተነሣ። ድምፅዋን ሲሰማ ሲኞር አልዶ ኮፍያውን አውልቆ ሣቀ። ጌጡ በማግሥቱ ጠዋት ተነሥቶ፣ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ መንዝ ገባ። መንገዱ የበጋ መንገድ ነው፤ አገሬው በዶማ የጠረገው፣ ድንጋዩ ከጎማ የሚታገል። ሆዷ መሬት እየነካ፣ እየወረደ ድንጋይ እየለቀመ፣ ሞላሌን በሁለተኛው ቀን አለፈ። ዘመሮ የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀረው ግን ወንዙ መሻገሪያ ላይ የፊት ጎማዎቿ ጭቃ ውስጥ ሰመጡ፤ ውኃ ገባባትና ሞተሩ ጠፋ።

ቀኑ የገበያ ቀን ስለ ነበር ወሬው ከእሱ ቀድሞ ዘመሮ ገባ። መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ከቅዳሴ ወጥተው ከደብሩ ጽድ ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። ከገበያ የመጣ አንድ ሰው ልጃቸው ቀይ መኪና ገዝቶ ወንዝ ውስጥ መቆሙን ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ወደ እሳቸው ዞሩ። እሳቸው ዘንጋቸውን አንሥተው ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ጌጡ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ሲያነጥፍ፣ ጎረቤታቸው ወዳጆ ሁለት በሬ ከነቀንበራቸው እየነዳ ሲመጣ አየ። በሬዎቹን ዐወቃቸው፤ የአባቱ ናቸው።

«አባትህ ልከውኝ ነው» አለው ወዳጆ።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉ። ‹ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ በሬዎቹ እንዳይደነግጡ› ብቻ ነው ያሉኝ።»

በሦስት ዓመት ድካም ያነሣት መኪና ዘመሮ የገባችው እንግዲህ በበሬ ተስባ ነው። ገበያተኛው መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶ፣ የሚያጨበጭበው ያጨበጭባል፣ የሚሥቀው ይሥቃል። ጌጡ መሪውን ይዞ ቀና ሳይል ደጃቸው ደረሰ። ወይዘሮ ደብሪቱ ወጥተው መኪናዋን ዞሯት፤ በመዳፋቸውም እንደ ላም ጎን መታ መታ አደረጓት።

«ስንት ሰው ትይዛለች?» አሉት።

«ሁለት።»

«አንዱ አንተ ነህ። ሌላዋ ማን ናት?»

ጌጡ ጎንበስ ብሎ ከጎማው ጭቃ ማራገፍ ጀመረ። እናቱ ግን ቅር አላላቸውም፤ ይልቅ ውኃ አሙቀው እግሩን ከጭቃው አጠቡት።

እራት ተበላ። ገበታው ሲነሣ መሪጌታ ዐይናቸውን ከእሳቱ ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦ «የገዛኸውን ገዝተሃል። ይህን ከሰው አፍ መስማቴ ግን ከበደኝ።»

«ይከለክሉኛል ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«ልከለክልህ እችል ነበር። ላልከለክልህም እችል ነበር። አሁን ያንን እኔም አንተም አናውቀውም።»

ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናዋ አላነሡም። ጌጡ ከቤቱ ጀርባ አውድማው ዳር የሣር ዳስ ሠራላት። በክረምቱ እናቱ በየማለዳው ወጥተው ያለበሷትን ዝተት ያስተካክላሉ፤ ዝናብ ዘልቆ ካገኙም በነጠላቸው ጫፍ ያደርቃሉ። በበጋ እሑድ እሑድ ጌጡ ሞተሯን አስነሥቶ በገበያው ሜዳ ዙሪያ ይነዳታል፤ ቤንዚን እንደ ልብ ስለማይገኝ ከሁለት ዙር በላይ አይዞርም። መሪጌታ ወደ ደብር ሲሄዱ በአውድማው በኩል የሚያቋርጠውን መንገድ ትተው ዙሪያ ጥምጥሙን መሄድ ጀመሩ። ጉልበታቸው እያመማቸው መዞራቸውን ጌጡ ከወፍጮ ቤቱ በር ሆኖ ያያል። ዳሱን ወደ ሌላ ቦታ ላንሣው ብሎ አንዴ ቢጠይቃቸው፣ ምን ሲደረግ ብለው ወደ ሥራው ሰደዱት።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1959 ኅዳር ላይ አንድ መንገደኛ ዲያቆን ለመሪጌታ መልእክት ይዞ መጣ፤ የላኩትም መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል የሚባሉ የድሮ ጓደኛቸው ነበሩ። ሁለቱ በልጅነታቸው በአንድ መምህር ሥር ድጓ የቆጠሩ፣ በአንድ ጎጆ ያደሩ፣ ቁራሽ ለምነው የተካፈሉ ናቸው። ከተለያዩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ዓምደ ሚካኤል ከደብረ ብርሃን ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ አጠገብ ባለች ደብር ያገለግላሉ። አሁን ዐይናቸው ጠፍቷል፤ ሰውነታቸውም ደክሟል። መልእክታቸው አጭር ነበር፤ ድምፅህን ሳልሰማ እንዳልሞት የሚል ነው።

መሪጌታ ያን ሳምንት እህል አልወርድ አላቸው። በቅሎ አስመጥተው ሊቀመጡ ቢሞክሩ፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ በሁለት ሰው ተደግፈው ወረዱ። የጭነት መኪና ሲመጣም ከላይ በእህሉ ላይ ለመውጣት አይችሉም። ይህን ሁሉ ለጌጡ የነገሩት ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። ሂድና ላድርስዎ በላቸው ሲሉትም ጌጡ እምቢ አለ። እሳቸው ሳይጠይቁ እኔ ባነሣባቸው፣ ለችግሬ ደርሶ ሊኮራብኝ ነው ይሉኛል ብሎ ፈራ። እናቱ፣ እንግዲህ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ አሉት።

ከዚህ በሦስተኛው ቀን ጌጡ ዳሱ ውስጥ ተንበርክኮ ጎማ ሲነፋ የዘንግ ድምፅ ሰማ። አባቱ ናቸው። አውድማውን አቋርጠው መጥተው መኪናዋ ፊት ቆመዋል። ከፊት መብራቷ እስከ ኋላዋ ቀስ ብለው ተመለከቷት፤ እንዲህ ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነበር።

«መቋሚያዬ ይገባልን?» አሉ።

ጌጡ ከመሬት ሳይነሣ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞሮ፣ እንደሚለካ ሰው ወንበሩን በዐይኑ ለካ። «ጫፉ በጎን ይወጣል እንጂ ይገባል» አላቸው።

«ይውጣ» አሉ መሪጌታ።

በማግሥቱ ተነሡ። ወይዘሮ ደብሪቱ ባላቸውን በሁለት ባና ጠቅልለው፣ ጥምጥማቸውን በነጠላ አስረው አስቀመጧቸው፤ ጣሪያ የሌላት መኪና ውስጥ የመንዝ ብርድ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉና። ስንቁን እግራቸው ሥር አኖሩ። መቋሚያው በቀኝ በኩል እንደ ጦር ወጥቶ ሄደ።

ጌጡ በአንድ ቀን እደርሳለሁ ብሎ ነበር። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሄዱ ግን መሪጌታ ክንዱን ያዙት፤ ከመንገዱ ዳር የቆሙትን ሰው ያውቋቸዋል። ፍሬን ያዘ። አባቱ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ሚስት ስለ ልጁ አንድ በአንድ ጠይቀው፣ ተመራርቀው፣ ጌጡን ሂድ አሉት። ጥቂት ሄደው ደግሞ ሌላ ሰው። የማያውቋቸውን እንኳ ሰላም ሳይሉ አያልፉም።

«አባዬ፣ እንዲህ ከሆነ አንደርስም» አላቸው ጌጡ።

«በእግሬ ብሆን ቆሜ ሰላም እል የለም? በመኪና ስለ ሆንኩ ነው ሰው የማልፈው?»

ጌጡ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ሞላሌ ሳይደርሱ ለቅሶ አገኙ፤ አባቱ ወርደው አለቀሱ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ለቅሶ ቤቱም ሳይበሉ አይሄዱም ብሎ ያዛቸው። ሞላሌ አደሩ። በአገሩ ካሉት ሁሉ ፈጣኗ መኪና ያን ቀን ከበቅሎ እኩል ተጓዘች። ግን በየመቆሚያው መሪጌታ አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ ጌጡም መጀመሪያ ልብ አላለውም። ሰዉ የማን መኪና ናት ሲላቸው፣ ፈጥነው «የልጄ» ይላሉ።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ደረሱ። መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ከደብሩ አጥር ውጭ በቆዳ አጎዛ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ከመኪናዋ ሳይወርዱ፣ ስማቸውን ሳይናገሩ፣ የድጓውን አንድ ቃል በዜማ ጀመሩ። ዓይነ ሥውሩ ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩ። ቀጣዩን ቃል ተቀበሉ። ሁለቱ አንዱ መኪና ውስጥ፣ አንዱ አጎዛ ላይ ሆነው ምዕራፉን እስኪፈጽሙ ድረስ ጌጡ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደግፎ ቆየ። ዜማውን ያውቀዋል። ከንፈሩ አብሮ መንቀሳቀሱን ሲያውቅ ደነገጠ።

«ኃይሌ፣ አረጀህ» አሉ ዓምደ ሚካኤል ሲጨርሱ።

አባቱን ኃይሌ ያላቸው ሰው ጌጡ ሰምቶ አያውቅም። እንደ ተማሪ ሆነው ሲሥቁ ማየቱም የመጀመሪያው ነበር።

ሁለት ቀን ሰነበቱ። በሁለተኛው ቀን ዓምደ ሚካኤል መኪናዋን በእጃቸው ዳሰሷት፤ መብራቷን፣ ጎማዋን፣ የመሪዋን ክብ። ከዚያም ልቀመጥባት አሉ። ሁለት ሰው ብቻ ስለምትይዝ መሪጌታ ወርደው ባናውን ለጓደኛቸው አለበሱ። ጌጡ ወደ ዋናው መንገድ ይዟቸው ወጣ። መንገዱ እንደ መንዝ አይደለም፤ ለስላሳ ነው። መኪናዋ እንደ ተፈጠረችው ስትሮጥ ጌጡም ያን ጊዜ ገና ማየቱ ነበር፤ መጀመሪያ ሲያመጣት ፈራ ተባ እያለ ነበር የነዳት። ሽማግሌው ነፋሱ ፊታቸውን ሲመታቸው አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉት። ሲመለሱ ቀስ እንዲል ነገሩትና ማውራት ጀመሩ።

ባለፉት ዓመታት ሁሉ፣ መንገደኛ በተገኘ ቁጥር፣ አባቱ መልእክት ይልኩባቸው እንደ ነበር ነገሩት። ጌጡ ይህንን አያውቅም።

«ምን ብለው?» አላቸው።

«ስለ አንተ ነዋ። ወፍጮው ጠዋት ሲነሣ አባትህ ደብር ሆኖ ይሰማዋል። ‹ልጄ ደኅና ነው፤ ሥራ ገብቷል› ብሎ ልቡ ያርፋል። አምና ደግሞ የሞተች መኪና አገኘ፣ በእጁ አስነሣት ብሎ ላከብኝ። ማን አስተማረው ብዬ ብልክበት፣ ‹ማንም፤ ትዕግሥቱን ግን ከዜማ ቤት ነው ያገኘው› አለኝ።»

ጌጡ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቆመ። ሽማግሌው ደረስን እንዴ ብለው ጠየቁት። የለም፣ ሞተሩ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው አላቸው። ሞተሩ ግን ደኅና ነበር።

ወደ ዘመሮ ሲመለሱ ለአባቱ የሰማውን አላነሣላቸውም። ነገር ግን መዘዞን አልፈው አቀበቱን ሲወጡ ጌጡ ሳያስበው ያንኑ ምዕራፍ ማንጎራጎር ጀመረ። አንድ ቦታ ላይ ተሳሳተ። መሪጌታ ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ትክክሉን አዜሙለት፤ እሱም ተቀብሎ ደገመው። ዓምደ ሚካኤል በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ዐረፉ። መርዶው ሲመጣ አባትና ልጅ አውድማው ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው አለቀሷቸው።

ጌጡ በ1960 ቀየት በምትባል መንደር የሚኖሩትን የአቶ ገብረየሱስን ልጅ የትምወርቅን አገባ። ሙሽራዋ መኪናዋን ከእሱ ይልቅ ሳትወዳት አልቀረችም። ይህ ምንድን ነው፣ ያ ምን ያደርጋል እያለች ጠይቃ ጠይቃ፣ በወሩ ገደማ ከገበያው ሜዳ ላይ መሪ ጨበጠች። መንደሩ ወጥቶ አየ። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ተቀምጠው ማየት አልቻሉም፤ ምራታቸው ካምቢዮ በለወጠች ቁጥር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይጭኑ ነበር።

በሚቀጥለው በጋ ካምቢዮው ተሰበረ። መለዋወጫው ከዚህ አገር አይገኝም፤ ሲኞር አልዶም ወደ አገሩ ሄዷል። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ሰምቶ መጥቶ፣ ገዝቶ በጭነት መኪና ጭኖ ወሰዳት። ጌጡ ምንም አልመሰለኝም ይል ነበር፤ ነገር ግን ያን ሳምንት ዳሱን ማፍረስ አቅቶት ወዳጆ ነው ያፈረሰለት። በተሸጠችበት ገንዘብና በራሱ ቁጠባ ቀየት ላይ የራሱን ወፍጮ ተከለ። ከሚስቱ ጋር ወደዚያ ሲዛወር ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል።

ልጃቸው በተወለደች ጊዜ መሪጌታና ወይዘሮ ደብሪቱ እህል በጫነ መኪና ጋቢና ተቀምጠው ቀየት መጡ። ሕፃኗን ታቅፈው ብዙ ጊዜ ሲያዩዋት ቆዩና መሪጌታ ስሟን እኔ ላውጣ አሉ። አመተሥላሴ አሏት።